«ሂዱ» ብሎን ነበር

ባለፈው ነሐሴ ከሳን ፍራንሲስኮ አየር ማረፊያ አንዲት ተማሪ ጫንኩ። ሁለት ትልልቅ ሻንጣ፣ አንድ ትራስ፣ አንድ ጊታር ይዛለች። የምትሄደው ሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ኮረብታው ላይ፣ ያ ባለ ሁለት ማማ ቤተ ክርስቲያን ያለበት። የማደሪያዋ ሕንፃ ስም «በርል ቶለር» ይባላል። ሻንጣዋን ሳወርድላት እንዲሁ ለወሬ ያህል ጠየቅኳት፤ «ቶለር ማነው?» ትከሻዋን ሰበቀች። «የሆነ ሀብታም መሰለኝ» አለች።

እኔም የመሰለኝ እሱ ነው። እዚህ አገር ሕንፃ ላይ ስሙ ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ የሰጠ ነው። መኪናዬን ጥግ አስይዤ ሌላ ጥሪ እስኪመጣ ስልኬ ላይ ፈለግኩት። ቶለር ሀብታም አልነበረም። የትምህርት ቤት ሰው ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋች ነበር። ማንበብ እንደጀመርኩ ስልኬ ጮኸ፣ ጥሪ ነው፣ አሳለፍኩት። ሁለተኛው ጮኸ፣ እሱንም አሳለፍኩ። የቤት ኪራይ እያለብኝ ሁለት ጥሪ ያሳለፍኩት ለኳስ ብዬ አይደለም። ስለ አሜሪካን ፉትቦል የማውቀው ነገር ቢኖር እሑድ እሑድ መንገዱን ጭር እንደሚያደርገው ብቻ ነው።

ያስቆመኝ ጋሼ ነው። እዚያ ታሪክ ውስጥ ጋሼን አገኘሁት። እኔንም አገኘሁኝ፤ ግን በሌላው ወገን ቆሜ።

ፓርኪንጉ

ከ14 ዓመት በፊት መሀል ከተማ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ አምስት ሐበሾች እንሠራ ነበር። የድርጅቱን ስም ልተወው። አራታችን ከሰላሳ በታች ነን። አምስተኛው ጋሼ ነው፤ ያኔ ስልሳን ተጠግቷል። አገር ቤት የሒሳብ መምህር ነበር፣ እዚህ መጥቶ ትኬት ይቆርጣል። ግራ ጉልበቱ ያመዋል። ምድር ቤት ወርዶ መኪና አውጥቶ እስኪመጣ ደንበኛው ሰዓቱን ሁለት ጊዜ ያያል።

እኛ ግን ዘዴ አበጅተን ነበር። ታች ያለውን መኪና እኛ እናመጣለን፣ ጋሼ የላዩን ብቻ። ቲፑ አንድ ካርቶን ውስጥ ይጠራቀምና ማታ ለአምስት ይካፈላል። ሒሳቡን የሚይዘው እሱ ነው፤ አንድ ሳንቲም ዛነፍ ብሎበት አያውቅም። ምሳም እሱ ጋ ነው። ሽሮ በፔርሙዝ ይዞ ይመጣል። እንጀራውን በፌስታል ጠቅልሎ ካሽየር ክፍሏ ውስጥ ሂተሩ ላይ ያስቀምጠዋል፣ እንዲሞቅ። ክፍሏ ቀኑን ሙሉ ሽሮ ሽሮ ትላለች። ገንዘብ ሊከፍል መስኮቷ ላይ የሚያጎነብስ ሰው አፍንጫውን ያነሳል። «ምንድነው?» ያለ እንደሆነ ጋሼ ያቀምሰዋል።

አንድ ሐሙስ ማኔጀሩ አራታችንን ለብቻ ጠራን። ድርጅቱ አንድ ሆቴል ይዟል፣ የቫሌት ሥራ ነው፤ የእንግዳ መኪና ተቀብሎ ማቆም። ቲፑ ከፓርኪንጉ ጋር አይወዳደርም፣ የሕክምና ኢንሹራንስም አለው። «አብራችሁ መሥራት ስለለመዳችሁ አንድ ላይ ነው የምወስዳችሁ» አለን። ከዚያ ተነስቶ በሩን ዘጋው። «ሽማግሌው ግን ለሆቴል አይሆንም። ካልተስማማችሁ ሌላ ቦታ ያሉ ልጆች አሉኝ። እስከ ሰኞ ንገሩኝ።»

ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ። ሦስት ቀን ተነጋገርን። አንደኛው ገና ልጅ ተወልዶለታል፣ ኢንሹራንስ የምትለው ቃል ካፉ አትወጣም። ሌላው «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያለ ተረት ያወርዳል። ሦስተኛው «መጀመሪያ እንግባ፣ ከዚያ ቀስ ብለን እሱንም እንስበዋለን» አለ። ይሄ ለሁላችንም ደስ የሚል ሐሳብ ነበር፤ እንደማይሆን ግን ሁላችንም እናውቃለን። ሲጨንቀን ሲጨንቀን ቆይተን አንዳችን መላ አመጣን፤ «ለምን ራሱን አንጠይቀውም?»

ያልኩት እኔ ነኝ። የሁሉም ፊት በራ።

እሑድ ማታ ቤቱ ሄድን። ገና ጀምረን ሳንጨርስ ሳቀብን። «ምን ሆናችኋል እናንተ ልጆች! ሂዱ እንጂ። እንጀራ አይደል እንዴ!» አለን፤ ሻይ አፈላልን፣ ስንወጣም መረቀን። ሰኞ ሄድን። ከመጀመሪያው ሳምንት ቲፕ አዋጥተን ጃኬት ገዛንለት። ጥሩ ጃኬት ነው፣ ውስጡ ጠጉር ያለው። እሱን ማታ ሺፍት አደረጉትና ከማያውቃቸው ልጆች ጋር ሌላ አራት ዓመት ሠራ። መኪናውን ከምድር ቤት ራሱ ያመጣል።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል። እኛ ዘንድ የተገላቢጦሽ ሆነ። ጋሼ የረሳው ይመስላል። በየክረምቱ ያንን ጃኬት ለብሶ ባየሁት ቁጥር ዓይኔን የምሰብረው እኔ ነኝ።

ዘጠኝ ጨዋታ

ወደ ቶለር ልመለስ። ዓመቱ 1951 ነው፣ በእኛ 1944 መግቢያ። በርል ቶለር ከሜምፊስ፣ ከደቡብ የመጣ ጥቁር ልጅ ነው። ጓደኛው ኦሊ ማትሰን ደግሞ ቴክሳስ ተወልዶ ሳን ፍራንሲስኮ ያደገ። ሁለቱ ቀድመው በከተማዋ የሁለት ዓመት ኮሌጅ አብረው ተጫውተዋል። ከዚያ የኢየሱሳውያን ካህናት ወደሚያስተዳድሩት ወደዚህ ኮረብታ መጡ። ትንሽ ትምህርት ቤት ነው። የቡድኑ ስም ዶንስ ይባላል።

የቡድኑን ልጆች አንድ በአንድ ሳነብ ደስ አለኝ፤ የተገጣጠሙ ሰዎች አይደሉም። ጂኖ ማርኬቲ የጣሊያን ስደተኞች ልጅ ነው። ጦርነቱ ላይ አውሮፓ ሄዶ፣ በዚያ በበረዶው የአርደን ውጊያ መትረየስ ተኳሽ ነበር። ያኔ ከጦር ሜዳ ተመልሶ ኮሌጅ የገባ ወንድ በየክፍሉ አለ፤ ትምህርቱን መንግሥት ይከፍልለታል። ቦብ ሴንት ክሌር ቁመቱ ሁለት ሜትር ከአምስት ሴንቲ ያልፋል። ይሄ ሰውዬ ሥጋ የሚበላው ጥሬውን ነው። አሜሪካኖቹ እንደ ጉድ ያወሩለታል፣ ቅጽል ስምም አውጥተውለታል። እኔ ስደርስበት ብቻዬን መኪና ውስጥ ሳቅኩ። ሚጥሚጣ ያጣ ወገናችን! የስፖርት ክፍሉን ወሬ ለጋዜጦች የሚጽፈው ደግሞ ፒት ሮዜል የሚባል የ25 ዓመት ወጣት ነው። ኋላ የባለሙያዎቹ ፉትቦል ሊግ፣ የኤንኤፍኤል፣ ኮሚሽነር ሆኖ የሊጉን የፍጻሜ ጨዋታ፣ ሱፐር ቦውልን ሱፐር ቦውል ያደረገው እሱ ነው። አሠልጣኙ ጆ ኩሃሪች።

በዚያ ዓመት ዘጠኝ ጊዜ ተጫወቱ፣ ዘጠኙንም አሸነፉ። ሳን ሆዜን 39 ለ 2፣ ሳንታ ክላራን 26 ለ 7። ማትሰን ኳስ ይዞ በመሮጥ ከመላው አገር አንደኛ ወጣ፤ 1,566 ያርድ፣ 21 ተችዳውን፤ ጎል እንደማለት ነው። ኒውዮርክ ድረስ ሄደው ፎርድሃምን ሲገጥሙ ሁለት ጊዜ የተጠለዘውን ኳስ ከራሱ ጫፍ ተቀብሎ፣ አንዴ 94 ያርድ አንዴ 90 ያርድ ሮጦ አስቆጠረ። 32 ለ 26 አለቀ። ያንን ርቀት ለማያውቅ፣ ከአንዱ ጎል እስከ ሌላው ጎል በሉት፤ አሥራ አንድ ሰው ሊጥልህ እየመጣ።

የሚጫወቱበት ስታዲየም ኬዛር ይባላል፣ ጎልደን ጌት ፓርክ ጫፍ ላይ። አሮጌው ፈርሶ አሁን ትንሽ ሆኖ ተሠርቷል። ሜዳውን ከ2001 ጀምሮ በቦብ ሴንት ክሌር ስም ሰይመውታል፣ ጥሬ ሥጋ በሚበላው። ዙሪያው መሮጫ ነው። እኔ ለዓመታት ጠዋት ጠዋት ስሮጥበት የኖርኩት ሜዳ ነው፤ ስሙን አንድ ቀን ቀና ብዬ አላነበብኩም።

የዚያን ዘመን አየር ለማሽተት አንድ ነገር ልጨምር። በዚያው ጥቅምት ኦክላሆማ ውስጥ ጆኒ ብራይት የሚባል ጥቁር ተጫዋች፣ ኳሱ እሱ ጋ እንኳ ሳይሆን፣ በተጋጣሚ ተጫዋች ክርን መንጋጋው ተሰበረ። ፎቶ አንሺዎች ነበሩ፤ ምቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቀረጹት። ጋዜጣ ላይ በተከታታይ ወጣ፣ ፑሊትዘር የሚባለውን ትልቁን የጋዜጠኝነት ሽልማት አሸነፈ። የመታው ልጅ ምንም አልሆነም። በዚያው ዓመት የእኛዎቹ የቃኘው ልጆች ኮሪያ ላይ ከአሜሪካኖች ጎን ተሰልፈው ይዋጋሉ። ኮሪያ ጉድጓድ ውስጥ አብሮ መተኮስ ይቻላል፣ ማያሚ ላይ አብሮ ኳስ መጫወት አይቻልም።

ከሁለቱ በቀር

ማያሚን ያነሳሁት በምክንያት ነው። የኮሌጅ ቡድን ጎበዝ ከሆነ ለፈረንጆች አዲስ ዓመት ይጋበዛል። ቦውል ይሉታል፤ ሮዝ ቦውል፣ ሹገር ቦውል፣ ማያሚ ያለው ኦሬንጅ ቦውል። ግብዣው ክብር ብቻ አይደለም፣ ገንዘብም አለው። ለትንሽ ትምህርት ቤት ደግሞ ገንዘቡ ይበልጣል። ዶንስ ዕዳ ላይ ነበር። የፉትቦሉ ወጪ ከገቢው በልጧል። ሕዝቡ ከተማው ውስጥ ፎርቲናይነርስ የሚባል የባለሙያ ቡድን አለው፣ ቴሌቪዥንም እየመጣ ነው። ኮሌጁን ሊያይ የሚመጣው ሰው እየሳሳ ሄዷል።

ሮዝ ቦውል ለእነሱ ዝግ ነው፤ የሁለት ትልልቅ ማኅበራት አሸናፊዎች ብቻ ናቸው የሚገቡት። የሚገርመው የመጨረሻ ጨዋታቸውን፣ ሎዮላን 20 ለ 2 ያሸነፉበትን፣ የተጫወቱት እዚያው ሮዝ ቦውል ስታዲየም ውስጥ ነው። ቤቱ ገብተው ድግሱ ላይ ሳይጠሩ ወጡ። የቀሩት ትልልቆቹ ደቡብ ናቸው።

ከደቡብ የመጣው መልእክት አጭር ነው። መምጣት ትችላላችሁ፤ ማትሰንና ቶለር ግን ይቅሩ።

ቡድኑ አልሄደም።

እዚህ ላይ ነው ስልኩን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ውጭ ውጭውን ያየሁት። ተጫዋቾቹ ካረጁ በኋላ ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ ተጠይቀዋል፣ ብዙ ጊዜም ተናግረዋል። የሚገርመኝ አነጋገራቸው ነው። ትልቅ ውሳኔ እንደወሰነ ሰው አያወሩትም። ስብሰባ፣ ክርክር፣ እንባ የሚባል ነገር የለበትም። ካለነሱ አንሄድም አልን፣ አለቀ። እንዲህ ነው የሚሉት። ታሪኩን የሚያሳምሩት ሌሎች ናቸው፣ እኔን ጨምሮ።

ቦውሎቹ ያልወሰዷቸው በዚህ ምክንያት ነው ተብሎ በይፋ አልተነገረም። ያኔ የተወራው ተጋጣሚዎቻቸው ደካማ ስለሆኑ ነው የሚል ነበር። እውነት ለመናገር ከዘጠኙ ውስጥ ሁለቱ የወታደር ካምፕ ቡድኖች ናቸው። ግን 47 ለ 14 የቀጠቀጡት የፓሲፊክ ኮሌጅ ሰን ቦውል ተጋብዞ ተጫወተ። እሱን ያሸነፈው ቤቱ ቁጭ አለ። ኦሬንጅ ቦውልን ጆርጂያ ቴክ ቤይለርን 17 ለ 14 አሸንፎ ወሰደ። ዶንስ ጨዋታውን በወሬ ሰሙት።

ወቅቱ እንዳለቀ ዩኒቨርሲቲው ፉትቦሉን ዘጋው።

አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ «ለክብራቸው ሲሉ ቡድናቸውን ሠዉ» ብሎ ይዘጋዋል። እኔ ትንሽ ይጎረብጠኛል። ሎዮላም በዚያው ዓመት ዘግቷል። ሴንት ሜሪስ ቀድሞ ዘግቷል፣ ሳንታ ክላራ በዓመቱ ተከተለ። በካሊፎርኒያ ያሉ የካቶሊክ ኮሌጆች ሁሉ ወጪው አንቋቸው አንድ በአንድ እየተውት ነበር። አንድ የቦውል ቼክ ምናልባት አንድ ዓመት ይገፋቸው ይሆናል። ከዚያ በላይ የሚያድናቸው አይመስለኝም። ልጆቹ ግን እንዲህ ብለው አላሰሉም። እነሱ የሚያውቁት ገንዘብ እንዳስፈለገና ገንዘቡ ማያሚ እንዳለ ነው።

እኔ ከማሰብ ያላረፍኩት አንድ ነገር ላይ ነው፤ ፍጥነቱ። እኛ ሦስት ቀን ፈጀን። ሦስት ቀን ሙሉ የተነጋገርነው ስለምን ነበር? አሁን ሳስበው ስለ ጋሼ አይደለም። የምንሄድ መሆኑን ሐሙስ ዕለት፣ ማኔጀሩ በሩን ሲዘጋው፣ አውቀናል። ቀሪውን ቀን የፈጀነው እየሄድን ጥሩ ሰው መስለን የምንቆይበትን ቃል ስንፈልግ ነው። እነዚያ ልጆች ቃል መፈለግ አላስፈለጋቸውም፤ ለዚያ ነው የፈጠኑት።

በእርግጥ ልዩነት አለው። እነሱ ሃያዎቹን የጀመሩ ልጆች ናቸው፣ የተዉት ኳስ ጨዋታ ነው። ጓደኛዬ አራስ ቤት ነበረው። እሱን አሁንም አልወቅሰውም፤ ልጁ ዛሬ ከአባቱ ቁመት አልፏል፣ ያ ኢንሹራንስ ሁለት ጊዜ ሆስፒታል አስተኝቶታል። ለሱ ያደረግነው ቢሆን ኖሮ ቀለል ይለኝ ነበር። እኔ ግን ልጅ አልነበረኝም። ያኔ መኪና ልገዛ ገንዘብ እያጠራቀምኩ ነበር።

የልጆቹ መጨረሻ ያማረ ነው። ማትሰን በ1952 ሄልሲንኪ ኦሎምፒክ ሄዶ በ400 ሜትር ነሐስ፣ በዱላ ቅብብል ብር ይዞ መጣ። ከዚያ ኤንኤፍኤል ገባ። እሱና ማርኬቲ በ1972፣ በአንድ ዓመት፣ የፕሮ ፉትቦል ዝነኞች አዳራሽ ገቡ። ሴንት ክሌር ቡድኑ ሲዘጋ ወደ ተልሳ ተዛውሮ ጨረሰ፤ ከዚያ እዚያው ኬዛር ተመልሶ ለፎርቲናይነርስ ተጫወተ። በ1990 እሱም አዳራሹ ውስጥ ገባ። ከአንድ ያልተጋበዘ የኮሌጅ ቡድን ሦስት።

ቶለርስ? በ1952 ቺካጎ ላይ በአንድ ጨዋታ ጉልበቱ ክፉኛ ተጎዳ። ተጫዋችነቱ እዚያ አበቃ። ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ተመልሶ አስተማሪ ሆነ፣ ርዕሰ መምህርም ሆነ። በ1965 ኤንኤፍኤል ዳኛ አድርጎ ወሰደው። እዚህ አገር በትልልቆቹ የባለሙያ ሊጎች ውስጥ የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ ነው። ኮሚሽነሩ ያ ወሬ ጸሐፊ፣ ሮዜል ነበር። 25 ዓመት ፊሽካ ነፋ፤ በ1980 ሱፐር ቦውልንም ዳኘ። በ2009 አረፈ። ማደሪያ ሕንፃው ላይ ስሙ የወጣው በ2017 ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ስም እስያውያን እንዳይመጡ ይቀሰቅስ የነበረ አንድ ፖለቲከኛ ስም ነበር።

መምህር፣ የተጎዳ ጉልበት፣ ውጭ የቀረ ሰው። ለምን ጋሼ እንደመጣብኝ አሁን ይገባችኋል።

ጋሼ የጠየቀው

ባለፈው ወር ጋሼን ለዓይን ቀጠሮ ከኦክላንድ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ወሰድኩት። ያን ጃኬት ለብሷል። እጅጌው ላይ ያለው ጠጉር አልቆ ጨርቁ ብቻ ቀርቷል። ድልድዩ ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ስንቆም፣ ዝም ከምል ብዬ የዶንስን ታሪክ ጀመርኩለት። እውነቱን ለመናገር ተዘጋጅቼበት ነበር። ታሪኩን እጨርስና ከዚያ ተያይዞ ያንን እሑድ አነሳለሁ፣ ይቅርታ እላለሁ ብዬ በልቤ ይዣለሁ።

ጋሼ ታሪክ ይወዳል። ማርኬቲ ጋ ስደርስ «ጣሊያን? በል ተወው እሱን» አለኝ እየሳቀ። ሴንት ክሌርን ስነግረው «ጥሬውን? በምን? እንዲሁ?» አለ፤ እንዲሁ ስለው አዘነለት። የማትሰንን ሩጫ ሁለት ጊዜ አስደገመኝ፤ «ኦሎምፒክም ወጥቷል ነው የምትለኝ?» አለ። ማያሚ ጋ ስደርስ ዝም አለ። አንሄድም ማለታቸውን ነገርኩት። ወደ መስኮቱ ዞረ። ባሕሩን እያየ ትንሽ ቆየ።

«ሁለቱን ልጆች ጠየቋቸው?» አለኝ።

«የምን ጥያቄ ጋሼ?»

«ብንሄድ ምን ትላላችሁ ብለው። ማትሰንንና ያንን አስተማሪውን። ጠየቋቸው ወይ?»

አሰብኩ። ያነበብኩትን ሁሉ አስታወስኩ። «እኔ ያነበብኩት ላይ የለም። ማንም የጠየቃቸው አይመስለኝም።»

«እ» አለ ጋሼ። ሌላ ምንም አላለም።

መኪናው ፈቀቅ ማለት ጀመረ። የተዘጋጀሁበት ይቅርታ ጉሮሮዬ ውስጥ ቀረ። ምክንያቱም ይቅርታ ልጠይቅ የነበረው ስለ መሄዳችን ነው። ጋሼ የጠየቀው ሌላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያቺን ጥያቄ ስገለብጣት ከረምኩ። ማትሰንን አንዱ መጥቶ «ኦሊ፣ አንተ ምን ትላለህ?» ቢለው ምን ይመልሳል? «አትሂዱ» ይላል? ሰው እንዴት ብሎ የጓደኞቹን ድግስ በገዛ አፉ ይዘጋል? «ሂዱ» ነው የሚለው፣ ሌላ ምን ይላል። ያን ጊዜ ቡድኑ ማያሚ ይወርዳል፣ ያውም ተመርቆ። እኛ ጋሼን የጠየቅነው መልሱን እያወቅን ነው። ጨዋ ሰው እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ ያለው መልስ አንድ ነው። ከብዶን የነበረውን ነገር ሦስት ቀን አዝለን ከርመን፣ እሑድ ማታ ወስደን ትከሻው ላይ አኖርነው። እሱ ሻይ አፈላልን።

እኔ ለ14 ዓመት «ሂዱ ብሎናል እኮ» እያልኩ ነው የተኛሁት። እስከዚያን ቀን ድረስ የምጽናናባት ቃል እሷ ነበረች።

ዶንስ ውስጥ ማንም እነዚያን ሁለት ልጆች «ሂዱ በሉን» ብሎ አላስጨነቃቸውም። ደግ ለመሆን እንኳ አልተገደዱም። ዳር ላይ ቆመው የሌሎችን መልስ ሰሙ። ያ ምን ዓይነት ስሜት እንደሆነ ጋሼን ልጠይቀው አልችልም፤ እሱ አያውቀውም። እንዳያውቀው ያደረግነው እኛ ነን።

ከቀጠሮው ስንወጣ ዓይኑ ውስጥ ጠብታ ጨምረውበት ያለቅሳል፣ በመሐረብ እየጠረገ ይሳደባል። ፀሐይ ስላስቸገረው ጥቁር መነጽር ሰጥተውታል፤ የወረቀት፣ ጆሮ ላይ የሚንጠለጠል። ወደ ቤት በፉልተን መንገድ ወጣሁ። ዙሪያ ጥምጥም ነው፣ አውቄ ነው። ኮረብታው ላይ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ መብራት ያዘን።

«ያልከው ትምህርት ቤት ይሄ ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«የልጁ ሕንፃ የቱ ነው?»

«ከዚህ አይታይም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወዲያ ነው» ብዬ በእጄ አሳየሁት። የወረቀት መነጽሩን አወለቀ። ዓይኑ ገና ያለቅሳል። ወዳሳየሁት አቅጣጫ አንገቱን አስግጎ ማማዎቹን ሲያይ ቆየ፤ እኔም እሱን ሳይ። ጃኬቱ ክንዱ ስር መተርተሩን ያኔ ነው ያየሁት፤ በጥቁር ክር በእጁ ሰፍቶታል።

«ጋሼ፣ ያኔ እኮ እኛ...»

ከኋላችን ጡሩምባ ተነፋ።

«አረንጓዴ ሆኗል» አለኝ፣ መነጽሩን መልሶ እያጠለቀ። «ንዳ።»